የቆቅ ውሃ ድልድይና የሰኔ ሚካኤል ሕዝብ

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን የቢሮው ባልደረቦቼ መሐል ሜዳ ከተማ በግ አርደው፣ የበግ ፀጉር ባና አልብሰው ሸኙኝ። ጨዋታው ደራ ሲል አንዷ መሐንዲስ፣ «እትዬ አስካለ፣ ከሠሯቸው ድልድዮች ሁሉ የሚወዱት የትኛውን ነው?» አለችኝ። ረጅሙን፣ ያ እንግዳ ሁሉ እየመጣ ፎቶ የሚነሣበትን የምል መስሏት ነበር።

«የቆቅ ውሃውን» አልኳት።

ቤቱ ቀዝቀዝ አለ። እዚያ ድልድይ ላይ ሰው መሞቱን በቢሮው ውስጥ የማያውቅ የለም። ለምን ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም፤ እኔም በደስታቸው መሐል ማስረዳት አልፈለግሁም። አሁን ጊዜው አለኝና ልንገራችሁ።

ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት የእግረኛ ድልድይ ነው። መንዝን ላይ ላዩን ላየው ሜዳ ነው፤ ገብስ፣ በግ፣ ንፋስ። ትንሽ ሲሄዱ ግን ሜዳው በቢላ እንደተቆረጠ ዳቦ ድንገት ያልቅና ገደል ይሆናል። ማዶ ያለ ሰው ሲጣራ ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ሄዶ ለመሳም ግን መውረድ አለ፣ መውጣት አለ። ክረምት ከገባ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። ወንዝ ሞልቶ የእናቱን ቀብር ከማዶ ቆሞ ያየ ሰው አውቃለሁ። ካህናቱ እዚያ ይፈታሉ፣ እሱ እዚህ ያለቅሳል። የእኛ ሥራ ይህንን ማስቀረት ነበር።

መጀመሪያ የተመደብኩት ራቤል ነው። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ቅየሳ ተምሬ ብመጣም የጊዜው ኃላፊያችን፣ «ሴት ልጅ ገደል ለገደል ምን ትሆናለች?» ብለው ዕቃ ግምጃ ቤት ከሲሚንቶና ከፌሮ ጋር አስቀመጡኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ለእኔ ያዘኑ መስሏቸው ነው። ከዚያ ያወጡኝ ጋሽ መኩሪያ ናቸው። ጋሽ መኩሪያ የድልድይ ፎርማን ነበሩ፤ ቀጠን ያሉ፣ ጢማቸው ሁልጊዜ የተላጨ የግሼ ሰው። አንድ ቀን ዕቃ ሊወስዱ መጥተው መደርደሪያ በውሃ ልክ ሳስተካክል ሲያዩ ቆዩና ኃላፊውን፣ «ውሃ ልክ የምታነብ ሰው ሲሚንቶ ታስጠብቃላችሁ? ስጡኝ» አሏቸው። በማግስቱ በበቅሎ ኋላ ኋላቸው ወረድኩ። ከዚያ ወዲህ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ከእሳቸው አልተለየሁም። ስለ ደመወዝና ስለ ውሎ አበል የማወራው የለኝም፤ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል።

ጋሽ መኩሪያ አዲስ ቦታ ስንደርስ ወደ ወንዙ አይወርዱም ነበር። የገበያ ቀን ጠብቀው መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ይቀመጡና በሶአቸውን እየጨበጡ የሚያልፈውን ሰው እግር ያያሉ። ማን ሸክም ይዟል፣ ማን በግ ይነዳል፣ የት ላይ ቆሞ ላቡን ይጠርጋል፣ የት ላይ ይሮጣል። እኔ መሣሪያዬን ተክዬ ለመጀመር ስቸኩል፣ «ቆይ እንጂ ልጄ፤ ገደሉ የትም አይሄድም፣ የሚሄደውን እንይ» ይሉኛል።

ገመድ ከአባታቸው ነው የለመዱት። አባታቸው ከጓሳ ሣር ገመድ እየገመዱ የሚሸጡ ሰው ነበሩ። ጋሽ መኩሪያ የብረቱንም ገመድ እንደዚያው በመዳፋቸው ነበር የሚያውቁት። ድልድዩ አልቆ ሰው ሲሻገርበት አንድ እጃቸውን ገመዱ ላይ ጣል አድርገው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። «ምን ይሰማዎታል?» አልኳቸው አንዴ። «ሰዉ» አሉኝ። እኔም እጄን ጣል አደረግሁ። እውነትም ብረቱ ውስጥ የሰው እርምጃ አለ፤ አህያ ሌላ ነው፣ የሚሮጥ ሰው ሌላ ነው። የቡሎን ዳዶ ሲያጠብቁ ማንም አያወራቸውም። አጥብቀው ሲጨርሱ አንድ ሌሊት ያሳድሩትና ጧት ተመልሰው ሁሉንም እንደገና ያጠብቁታል። «ብረትም ሲያድር ይላላል» ነበር የሚሉት።

ከሁሉ የማይረሳኝ ቀየት አካባቢ የሠራነው ድልድይ ላይ የሆነው ነው። እኛ የመጨረሻውን ሳንቃ እያሰርን ሳለ ሠርገኛ መጣ። ሙሽራው፣ ሚዜዎቹ፣ ከበሮ መቺው፣ ሁሉም እየጨፈሩ ገቡበት። እግራቸው ከከበሮው እኩል ይወድቃል። በዚያ ልክ ድልድዩም አብሯቸው መጨፈር ጀመረ፤ ወደ ላይ ወደ ታች፣ ወደ ላይ ወደ ታች፣ እየባሰበት። ሚዜዎቹ ደስ አላቸው። ጋሽ መኩሪያ በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ሰንጥቀው ሄዱና ከበሮውን ከሰውዬው አንገት ላይ አወለቁት።

«ኧረ ከበሮዬን!» አለ መቺው።

«ማዶ ትወስዳለህ!» አሉና ከበሮውን በብብታቸው ይዘው ፊት ፊት ሄዱ። ከበሮው ዝም ሲል የሰዉ እግር ተዘበራረቀ፤ እግሩ ሲዘበራረቅ ድልድዩ ተረጋጋ። ማዶ ሲደርሱ ከበሮውን መለሱና እሳቸውም እስክስታ ወረዱ። ከዚያ ወዲህ በሠራነው ድልድይ ሁሉ ዘፈንና ወረብ ከመግቢያው ይቆማል፣ ከመውጫው ይቀጥላል። ሕዝቡም ለመደው።

የቆቅ ውሃው አብረን የሠራነው የመጨረሻው ድልድይ ነው። ቆቅ ውሃ ወደ መርሐቤቴ አቅጣጫ የሚወርድ ጠባብና ጥልቅ ወንዝ ነው። በወዲህ በኩል የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ከምእመኑ የሚበዛው ግን በወዲያ ማዶ ነው የሚኖረው። የድልድዩ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ጋሽ ተሰማ የሚባሉ ገበሬ ነበሩ። ድምፃቸው ገደል ለገደል የሚሻገር፣ ሲቆጡም ሲስቁም የሚሰሙ ሰው። ባለቤታቸው እትዬ የሺ በተቃራኒው ቃል የሚቆጥቡ ናቸው፤ አሸዋ የሚያመላልሱትን ሴቶች የሚመሩት እሳቸው ነበሩ። እትዬ የሺ ከተነሡ ሁሉም ይነሣል፤ ከተቀመጡ ሁሉም ያርፋል። ሲያዝዙ ግን ሰምቼ አላውቅም።

መኪናው የብረት ገመዱን ያራገፈው ከላይ ሜዳው ላይ ነው። ከዚያ ገደሉን የወረደው በሰው ትከሻ ነው። አንዱ ገመድ፣ ከዚህ እስከዚያ የተሰለፈ ሰው፣ ልክ እንደ ረጅም ትል እየተጠማዘዘ። ጋሽ ተሰማ ከፊት ሆነው ግጥም ያወርዳሉ፣ ሕዝቡ ይቀበላል፦

*ውሃው ቢሞላብኝ እኔ ምን ቸገረኝ፣*
*በላዩ ላልፍ ነው ብረት ዘመድ አለኝ።*

እስከ ዛሬ ድረስ ያንን ዜማ ስሰማ ትከሻዬ ላይ የገመዱ ቅዝቃዜ ይመጣብኛል። ማታ ማታ ድካሙ ብዙ አያስወራንም ነበር፤ ጠላው ይቀዳል፣ ጋሽ ተሰማ ጋሽ መኩሪያን «ይሄን ያህል ሰው ከትከሻ በቀር ምንም ሳይጎዳ ገመድ አወረዱ» እያሉ ያመሰግናሉ፤ ጋሽ መኩሪያ ደግሞ፣ «ተሰማ ባይጮህ ማን ይወርድ ነበር» ይላሉ። ሁለቱ በዚያ ሥራ ወንድማማች ሆኑ።

በወዲያ በኩል ድልድዩ የሚያርፈው አንድ ትልቅ አለት ሥር ነው። አለቱ እንደ ቤት ጣሪያ ወደ ፊት ዘንበል ይላል። ከድልድዩ የወረደ ሰው በምሰሶውና በአለቱ መካከል አልፎ ወደ አቀበቱ ይታጠፋል። ለመሠረት እንደዚያ ያለ ጠንካራ ድንጋይ አይገኝም፤ መሐንዲሱም፣ ጋሽ መኩሪያም፣ እኔም ስናገኘው ደስ ብሎን ነበር። ጋሽ መኩሪያ ድልድዩ እንዳለቀ ጡረታ ወጡና ግሼ ገቡ። እኔ መሐል ሜዳ ተዛወርኩ።

ከዚያ በኋላ በመጣው የሰኔ ሚካኤል ጋሽ ተሰማ፣ «ድልድይሽን መጥተሽ አክብሪ» ብለው ላኩብኝ። ሄድኩ። ድልድዩ ስለተሠራ በፊት በክረምት መባቻ ይቀር የነበረው የወዲያ ማዶ ሰው ሁሉ መጥቷል፤ አሮጊቱም፣ አራሷም። እንዲህ ያለ ሕዝብ በዚያ ደብር ታይቶ አያውቅም ተባለ። ታቦቱ ወጥቶ ዑደት አድርጎ ገባ። ሰዉ ጸበል ጻዲቅ ቀምሶ ሲበተን ሰማዩ ጠቆረ።

በረዶ ነበር የወረደው። ከዚያ በፊት አንጠባጥቦ እንኳ አላስጠነቀቀም። ሕዝቡ ነጠላውን አናቱ ላይ አድርጎ ወደ ድልድዩ ሮጠ። እኔ ከመግቢያው ከፍ ብሎ ያለ ድንጋይ ላይ ስለነበርኩ ሁሉም ይታየኛል። ድልድዩ ከዳር እስከ ዳር ሞላ። ይወዛወዛል፤ ግን ገመዱን አውቀዋለሁ፣ በገመዱ አልፈራሁም። የፈራሁት ሌላ ነገር ሳይ ነው። ከድልድዩ መውጫ ላይ ሰዉ አይንቀሳቀስም። መጀመሪያ የተሻገሩት በረዶውን ሸሽተው ያ አለት ሥር ተጠልለዋል። ቀጥለው የደረሱትም እዚያው ተጠጉ። አለቱ ሥር ሞላ፤ በምሰሶውና በአለቱ መሐል ያለው ማለፊያ ተደፈነ። ከኋላ ያለው ደግሞ ይህን አያይም፤ እሱ የሚያውቀው በረዶው እየመታው መሆኑን ብቻ ነው። ይገፋል።

ጋሽ ተሰማ መውጫው ላይ ነበሩ። ድምፃቸው በበረዶው መሐል ይሰማኛል። «ወደ ላይ! ወደ አቀበቱ ውጡ! አትቁሙ ወገኖቼ፣ ሚካኤልን አትቁሙ!» ይላሉ። አለቱ ሥር ያሉት ለመውጣት ቢፈልጉም መላወሻ የላቸውም።

እየተንሸራተትኩ ወደ መግቢያው ወረድኩ። ሰዉ አሁንም እየገባ ነው። «አትግቡ!» ብል ማን ይስማኝ። መምሬ ኃይሌ፣ የደብሩ ቄስ፣ ጥላቸውን ይዘው ሊሻገሩ ሲመጡ አገኘኋቸው። ልብሳቸውን ያዝኩ።

«አባ፣ ሰዉን ያቁሙልኝ!»

«ምን ሆነሻል ልጄ?»

«ማዶ ተደፍኗል፣ ሰው እያለቀ ነው! አንድም ሰው አይጨመር!»

«ይሄን ሁሉ ሕዝብ በምን ላቁመው?»

«በመስቀሉ!»

ዞር ብለው ድልድዩን አዩት። ከዚያ ጥላውን ጣሉና የድልድዩ አፍ ላይ ጀርባቸውን ለወንዙ ሰጥተው ቆሙ። መስቀላቸውን በሁለት እጃቸው ወደ ላይ አነሡ። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ!» አሉ። የፊተኞቹ መስቀሉን ሲያዩ ቆሙ። ዲያቆናቱ ተቀበሉ። «እግዚኦ!» ከኋላ ያለውም «እግዚኦ» ማለት ጀመረ፤ እግዚኦ የሚል ሰው አይጋፋም፣ ይንበረከካል። በረዶው እየወረደብን ሁሉም ተንበረከከ። ከዚያ እኔና ሁለት ዲያቆናት ድልድዩ ውስጥ ገብተን ከመጨረሻ ያሉትን በእጃቸው እየያዝን፣ «ወደ ኋላ፣ ቀስ፣ ወደ ኋላ» እያልን መለስናቸው። ድልድዩ ከኋላ እየሳሳ ሄደ። መሐል ያሉት ትንፋሽ አገኙ። ከመውጫው ያለውም ላላ።

ሲላላ ነው ጋሽ ተሰማን ያየናቸው። ምሰሶው ላይ ተጣብቀው ቆመው ነበር፤ የያዛቸው የሰው ብዛት ሲነሣ ወደቁ። እጃቸው ወደ አቀበቱ እንደተዘረጋ ነበር ይላሉ አጠገባቸው የነበሩት። እጅና ጎድናቸው የተሰበረ ብዙ ሰዎች ነበሩ፤ በቃሬዛ አወጣናቸው፣ ሁሉም ከጊዜ በኋላ ዳኑ። የሞቱት ጋሽ ተሰማ ብቻ ናቸው።

ከዞን የመጡት አጣሪዎች ድልድዩን በሙሉ መረመሩት። አንድ ቡሎን አልተጣመመም፣ አንድ ሳንቃ አልተነቀለም። «ድልድዩ ምንም አልሆነም» ብለው ሄዱ። እውነታቸውን ነው። ይህን ለለቅሶው ከግሼ ለመጡት ለጋሽ መኩሪያ ነገርኳቸው። «ስንት ኩንታል እንደሚችል እናውቅ ነበር» አሉ። «ስንት ፍርሃት እንደሚችል ማን ጠየቀን?» ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሸምግለው አየኋቸው።

በሰልስቱ ሽማግሌዎቹ ድንኳን ውስጥ ተነጋገሩ። ነገሩ ከብዶ ነበር። አንዱ ተነሥተው፣ «ሰው የበላ ድልድይ ነው። ይፈታልን። አባቶቻችን ያለሱ ኖረዋል» አሉ። ብዙው ሰው ራሱን ነቀነቀ። በባልቴቷ ፊት ስለ ድልድይ ጥቅም ለመናገር እኔ ምን አፍ አለኝ?

የተናገሩት እትዬ የሺ ናቸው። ከሴቶቹ መሐል፣ ማቃቸውን እንደለበሱ፣ ሳይነሡ።

«ተሰማ የሞተው ‹አትቁሙ› እያለ ነው» አሉ። «‹ፍቱት› ሲል የሰማ አለ?»

ድንኳኑን በዓይናቸው ዞሩት።

«ካልሰማችሁ፣ እሱ የጮኸውን ሥሩለት። ሰው የማይቆምበት አድርጉት። ድልድዩ ከተፈታ በነሐሴ ልጆቻችንን ውሃው ይወስድብናል፤ ያኔ ደግሞ ምኑን ትፈቱታላችሁ?»

ነገሩ በዚያው አለቀ።

ጋሽ መኩሪያ ግሼ ሳይመለሱ እዚያው ከረሙ። ደመወዝ የላቸው፣ ትእዛዝ የላቸው። እንደ ልማዳቸው በገበያ ቀን ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ አሁን ግን የሚያዩት ከድልድዩ የሚወጣውን ሰው ነበር። ማዶ ላይ ከድልድዩ የሚወርድ ሁሉ አለቱ ሥር ሲደርስ ይቆማል። ፀሐይ ከሆነ ለጥላ፣ ዝናብ ከሆነ ለመጠለል፣ ምንም ካልሆነ ደግሞ ኋላ የቀረ ወዳጁን ለመጠበቅ። «አየሽ» አሉኝ፣ «ማረፊያ እግዚአብሔር ሠርቶ አስቀምጦላቸዋል፤ እንዴት አይቆሙ?» መሐንዲሱ መጣ፤ ሦስታችን ቁጭ ብለን ተማከርን። የአለቱን የሚያስጠልል ግንባር በመዶሻና በድጅኖ አፈረስነው። መውጫው እንደ አውድማ ሰፋ። ከአቀበቱ ላይ፣ ከድልድዩ ርቆ፣ ሰፊ የቆርቆሮ መጠለያ ሠራን፤ የተሻገረ ሰው መጠለያውን ስለሚያየው እግሩ ወደዚያው ይሳባል። በወዲህ በኩል ደግሞ መግቢያውን አጠበብነው። ይህ ብዙ ሰው ግራ አጋብቷል። «ሰው ተጨናንቆ ሞተ ብላችሁ መግቢያውን ታጠብባላችሁ?» አሉን። ጋሽ መኩሪያ፣ «ወፍጮ ቤት እህሉ ከላይ በትንሽ ቀዳዳ ካልወረደ ድንጋዩ ይታነቃል» ብለው አስረዷቸው፤ ወፍጮ የማያውቅ የለምና ገባቸው። ከመግቢያው በላይ ሕዝብ ተቀምጦ ተራ የሚጠብቅበት የድንጋይ መደዳ በእርከን በእርከን ተገነባ። ድንጋዩን ያመላለሱት ሴቶቹ ናቸው፤ እትዬ የሺ ከማቃቸው ጋር ፊት ፊት ይሄዱ ነበር።

የቀረው፣ ያን ሕዝብ በበዓል ቀን ማን ያስቀምጠዋል የሚለው ነበር። ሚሊሻ ይቁም ተባለ። መምሬ ኃይሌ፣ «ሚሊሻውን ይገፉታል። የሺን አይገፏትም» አሉ። በተከታዩ ሰኔ ሚካኤል እትዬ የሺ ድልድዩ አፍ ላይ ቆሙ። አንድ ረድፍ ያሳልፋሉ፣ ማዶ ያሉት ወደ አቀበቱ መውጣታቸውን ያያሉ፣ ከዚያ ቀጣዩን። ጋሽ መኩሪያ አንድ እጃቸውን ገመዱ ላይ ጥለው ዓይናቸውን ጨፍነው አጠገባቸው ነበሩ። የመጨረሻው ሰው ሲሻገር እንባቸው ወረደ። ያን ዓመት ግሼ በሰላም ዐረፉ፤ ነፍሳቸውን ይማር።

ከዚያ በኋላ ብዙ ድልድይ ሠራሁ። በሁሉም መጀመሪያ የምጠይቀው፣ ሰዉ ከወጣ በኋላ የት ይቆማል የሚለውን ነው። ወጣቶቹ መሐንዲሶች አሁን ይህን ሳልነግራቸው ሥዕላቸው ላይ ያወጡታል። ደስ ይለኛል።

ባለፈው ሰኔ፣ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ እንደ ማንኛውም ምእመን ቆቅ ውሃ ሄድኩ። ቅዳሴው አልቆ ወደ ወንዙ ስወርድ መደዳው በሰው ሞልቷል። ዳር ዳሩን ይዤ ወደ መግቢያው ሄድኩ፤ ከመሻገሬ በፊት የወዲህኛውን ምሰሶ ጠጋ ብዬ ልየው ብዬ ነው። እትዬ የሺ አሁን በምርኩዝ ነው የሚቆሙት። አዩኝና አወቁኝ። ሦስቴ ሳሙኝ፣ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ። ከዚያ በምርኩዛቸው ወደ ላይኛው መደዳ አመለከቱኝ።

«ተቀመጪ አስካለ።»

«ምሰሶውን ብቻ ላይ ብዬ ነበር፣ እትዬ።»

«ተራሽ ሲደርስ ታዪዋለሽ።»

ወጣሁና አንዲት ሕፃን ያዘለች ሴት አጠገብ ተቀመጥኩ። ብዙም ሳይቆይ ሰማዩ ጉርምርም አለና ዝናቡ ወረደ፤ ከባድ ዝናብ። እግሬ ለመሮጥ ተዘጋጀ። ቀና ብዬ ሕዝቡን አየሁት። ነጠላውን አናቱ ላይ አደረገ፤ አንዳንዱ ጃንጥላ ዘረጋ፤ አጠገቤ ያለችው ሴት ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ በባናዋ ሸፈነችው። ከመደዳው የተነሣ አንድም ሰው የለም። ሁሉም እየራሰ እትዬ የሺን ያያል። እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተውን፣ ማዶ፣ የመጨረሻዎቹ ሰዎች ወደ መጠለያው ሲወጡ እየተመለከቱ ነበር። አልቸኮሉም።

«ይቆያል እንዴ?» አልኳት ሴትዮዋን።

«ዝናቡ ነው ወይስ እትዬ የሺ?» አለችኝ።

«እትዬ የሺ።»

«ኧረ አይቆዩም» አለች፣ የልጇን ግንባር እየጠረገች። «ለዚህ መንደር እንግዳ ነዎት መሰለኝ። እሳቸው ካላሉ አንነሣም።»

እትዬ የሺ ዞሩና ምርኩዛቸውን ወደ እኛ ረድፍ አነሡ። ሕፃኑን እኔ ተቀበልኳት፤ እሷ ጫማዋን አጠበቀች። ከዚያ ተነሣን፣ ቀስ ብለን፣ አንዳችን ከአንዳችን ኋላ፣ ድልድዩን ተሻገርን።